በሁለት ቁና መስፈር፦ ሞላ ያለች ሴት በቴሌቪዥን

ይህ ክር፣ ማለትም በአንድ ርዕስ ላይ በኢንተርኔት የሚቀጣጠል የምላሾች ሰንሰለት፣ የተከፈተው የጎጃም ተወላጆች ስለ ባህል፣ ስለ ትምህርትና ስለ መገናኛ ብዙኃን በሚወያዩበት መድረክ ላይ ነው። ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው እየተከተልሁ፣ ቃል በቃል ሳልጠቅስ፣ ፍሬ ነገራቸውን አቀርባለሁ። እግረ መንገዴንም ያሳመነኝንና ያላሳመነኝን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

1 (መነሻ ጽሑፍ)። ክሩን የከፈተችው በደብረ ማርቆስ ከተማ የባህል ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ናት። ያነሣችው ነገር ከሥራዋ የመነጨ ነው። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ቅድና አንድ ዓይነት ጥልፍ ያለውን ቀሚስ ቀጭን ሴት ለብሳው በቴሌቪዥን ስትቀርብ ዘመናዊና የተዋበ ይባላል፤ ዳሌዋ ሰፋ፣ ደረቷ ሞላ ያለች ሴት ስትለብሰው ግን ገላን የሚያጋልጥና ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ለማየት የሚያሳፍር ተደርጎ ይነቀፋል። በአንድ ወቅት ለበዓል ዝግጅት ልብስ የተከራዩዋት የቀረጻ ሰዎች ለጭፈራው ሞላ ያሉ ልጆች እንዲመረጡላቸው ፈልገው ነበር፤ ዝግጅቱን በንግግር የምትመራው ግን ቀጭን እንድትሆን አጥብቀው አሳሰቡ። ከጨፋሪዎቹ መካከል ትምህርቷን ያጠናቀቀች፣ አንደበቷም የተባ አንዲት ልጅ ስለነበረች፣ ልብስ ሰፊዋ ይህችው ልጅ ብትመራውስ ብላ ሐሳብ ብታቀርብ ሳቁባት። የጣቢያውን ስም አልጠራችም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ ስላልሆነ ስሙን መጥራቱ ሌሎቹን ነጻ ማውጣት ይሆናል የሚል ምክንያት ሰጥታለች። ጥያቄዋም ለጭፈራ ሲሆን የሚፈለገው ገላ ለንግግር ሲሆን የሚገፋው ለምን እንደሆነ፣ ነቀፌታው በልብሱ ላይ ነው የሚባለውስ እውነት መሆን አለመሆኑ ነው።

2። ከፍኖተ ሰላም የጻፉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ልብስ ሰፊዋን ልጄ እያሉ በትሕትና ተስማሙ። በእርሳቸው የልጅነት ዘመን አንዲት ሴት ከርማ ስትመጣ ወፈር ብለሻል መባሏ እንደ ምርቃት ይቆጠር እንደነበር፣ አራስም ገንፎዋን በልታ፣ አጥሚቷን ጠጥታ ለክርስትናው ቀን ፊቷ ሞልቶ ካልታየ ያረሷት ሁሉ በጎረቤት ይታሙ እንደነበር አስታወሱ። ከዚህ ተነሥተውም የዛሬው የቅጥነት ፍቅር በአገሩ ሥር የሌለው፣ ከስክሪን የመጣ እንግዳ ልማድ ነው ከሚል ድምዳሜ ደረሱ።

3። በቡሬ በነርስነት የምታገለግል ሴት መምህሩን በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳታለዝብ አረመቻቸው። በእርሷ አስተያየት ያ ምርቃት የሚሰጠው ለሴቲቱ ውበት ሳይሆን ከረኃብና ከበሽታ ላመለጠ ሰውነት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን እንዳሳየ ጠቅሳ፣ ቅጥነት የብዙዎች ችግር በሆነበት አገር ቴሌቪዥኑ ቅጥነትን ለዓይን መሥፈርት ማድረጉ ከአገሩ ጤና ጋር አንዳች ዝምድና እንደሌለው አስረዳች። ሞላ ያለችው የትናንቷ ሴትም ቢሆን የተመሰገነችው እንሥራ ለመሸከም፣ ወፍጮ ለመፍጨትና ልጅ ለመውለድ ባላት አቅም ስለነበር፣ ያለፈውን ዘመን ለሴት ገላ ገነት አድርጎ መሳል እንደማይገባ አከለች። በእኔ ግምት ክሩ ከመተዛዘን ወጥቶ ወደ ቁም ነገር የገባው በዚህ ምላሽ ነው።

4። አንድ ተሳታፊ በአጭሩ ጥፋቱ ሁሉ የፈረንጅ መሆኑን ጽፎ አለፈ።

5። የደጀን ተወላጅ የሆነና በአሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን የአራተኛውን ምላሽ ለማረም ረጅም ጽሑፍ አቀረበ። ፈረንጁ ራሱ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከር የኖረ መሆኑን ለማሳየት ያነሣው ታሪክ ከልብስ ሰፊዋ ጥያቄ ጋር በጣም የሚቀራረብ ነው። ሌን ብራያንት የተባለው ለሞላ ሴቶች ልብስ የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ አዘጋጅቶ ለኤቢሲና ለፎክስ ጣቢያዎች አቅርቦ ነበር። ኩባንያው እንዳስታወቀው፣ ጣቢያዎቹ ማስታወቂያው ገላ አብዝቶ ያሳያል በሚል ምክንያት ተቆርጦ እንዲስተካከል ጠየቁ፣ የሚታይበትንም ሰዓት አጠበቡ፤ ቪክቶሪያስ ሲክሬት የተባለው የውስጥ ልብስ ኩባንያ ቀጫጭን ሞዴሎች ግን ከዚያ ያልበለጠ ጨርቅ ለብሰው በእነዚያው ጣቢያዎች ይታዩ ነበር። ጣቢያዎቹ አድልዎ አልፈጸምንም ብለው አስተባበሉ። እ.ኤ.አ. በ2016ም ያው ኩባንያ ሌላ ማስታወቂያ አልተቀበሉኝም ብሎ ተመሳሳይ ክርክር አስነሣ። በዚያው ዓመት ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት የዋና ልብስ እትሙን አንዱን ሽፋን ለሞላ ያለችው ሞዴል ለአሽሊ ግራሃም ሲሰጥ፣ ቀድሞ በዚያው መጽሔት ሽፋን ላይ ትወጣ የነበረች ሌላ ሞዴል እንዲህ ያለውን ገላ ማሞገስ ለጤና አይበጅም ብላ በአደባባይ ተቃወመች። የደጀኑ ሰው ከዚህ ያወጣው ፍሬ ነገር፣ ሽፋኑ ለአርባና ለሃምሳ ዓመታት በቀጫጭን ሴቶች ሲሞላ የደም ምርመራ ውጤታቸውን የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

6። ይህን ተከትላ አንዲት ሴት በቁጣ ጻፈች። የጤና ጉዳይ የሚነሣው ሞላ ያለችውን ሴት ዝም ለማሰኘት ሲፈለግ ብቻ መሆኑን ገልጻ፣ ነርሷም በሦስተኛው ምላሽ መቶኛ መደርደሯ ነገ ለዚሁ ዓላማ የሚውል መሣሪያ ማቀበል እንደሆነ ወቀሰቻት።

7። ነርሷ አልተቆጣችም። የሰውን ክብደት በቁመቱ ስኩዌር አካፍሎ የሚገኘው ቢኤምአይ የተባለው መለኪያ ከየት እንደመጣ ዘርዝራ አስረዳች። ስሌቱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀመረው አዶልፍ ኬትሌ የተባለው የቤልጅግ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን፣ ይፈልገው የነበረው የሕዝብን አማካይ እንጂ የአንዲትን ሴት ጤንነት መመርመሪያ አልነበረም፤ የዛሬውን ስያሜ ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1972 አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት ነው። ለብዙ ሕዝብ ዳሰሳ ይጠቅማል፤ ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ የአንዲትን ሴት የደም ግፊት ለማንበብ ግን አያስችልም። ይሁንና የስኳር በሽታ በከተሞቻችን እየታየ መሆኑን በሥራዋ እንደምታውቅና ይህንም ለክርክር ሲባል እንደማትሸፍነው በግልጽ አስቀመጠች። ከስድስተኛው ምላሽ ቁጣ ይልቅ የዚህችን ሴት እርጋታ እመርጣለሁ፤ ምንም እንኳ የቁጣው ምክንያት ቢገባኝ።

8። ቀጥሎ የመጣው ምላሽ የክሩን አየር ለወጠው። አንድ ሰው፣ ካሜራ ያለውን ከማሳየት በቀር ምንም እንደማያደርግ፣ ሴቶቹ ራሳቸው አጥብቀው ለብሰው እየወጡ ታየን ብለው ማማረራቸው የሚያስቅ መሆኑን በማሾፍ ጻፈ። ልብስ ሰፊዋንም ገበያዋን ለማድራት ክር የከፈተች ነጋዴ አድርጎ ተናገራት።

9። ለዚህ የተሰጠው ምላሽ ከክሩ ሁሉ የላቀ ሆኖ ስላገኘሁት ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው በባሕር ዳር በቪዲዮ ቀረጻ የሚተዳደር ባለሙያ ነው። የጎጃም እስክስታ በትከሻ፣ በአንገትና በደረት የሚጨፈር መሆኑን ማንም እንደሚያውቅ አስታውሶ፣ ታዲያ የሙዚቃ ቪዲዮዎቻችን ካሜራ ትከሻው ላይ መቆየት ሲገባው ወደ ወገብና ወደ ዳሌ የሚወርደው ምን ፍለጋ እንደሆነ ስምንተኛውን ሰው ጠየቀው። እርሱ ራሱ በተለያዩ ቀረጻዎች ላይ ትራይፖዱን (የካሜራውን መቆሚያ) ዝቅ እንዲያደርግ፣ ሌንሱንም ከታች ወደ ላይ እንዲያቀና ከዳይሬክተር መመሪያ ሲሰጠው እንደኖረ ተናገረ። ሰፊ ሌንስ በቅርብ ሲያዝ ለካሜራው የቀረበውን የሰውነት ክፍል አግዝፎ፣ የራቀውን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ ከጉልበት ከፍታ የተቀረጸች ሴት ዳሌዋ ሰፍቶ፣ ጭንቅላቷ ትንሽ ሆኖ ትወጣለች። በቅንብር ጊዜ ደግሞ ወገቧን የሚያጠብብ መሣሪያ ሥራ ላይ ይውልና፣ ተመልካቹ የሚያየው ገላ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የማይገኝ ይሆናል።

ይኸው ባለሙያ ቀጥሎ የተናገረው ይበልጥ ያስገርማል። ያቺው ጨፋሪ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ መመሪያው ይገለበጣል። ካሜራው ራቅ እንዲል፣ ከደረቷ በታች እንዳይታይ፣ ጋቢ ወይም ነጠላ እንድትደርብ፣ መብራቱም ፊቷን አቅጥኖ እንዲያሳይ ይደረጋል። ባለሙያው ይህን የተናገረው በምሬት ሳይሆን፣ እንደ አንድ የተለመደ የሥራ ሥርዓት ነው። በልብስ ሰፊዋ ጥያቄ ላይ የተሰጠው ትክክለኛ መልስ ይህ እንደሆነ አምናለሁ። ነቀፌታው በውፍረቷ ላይ ቢሆን ኖሮ በጭፈራውም ባልተፈለገች ነበር፤ በልብሷ ላይ ቢሆን ኖሮ በጭፈራው ጊዜ ነጠላው በተደረበላት ነበር። የማይፈለገው ያ ገላ አፍ አውጥቶ መናገሩ ነው።

10። ስምንተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ቀረጻውን በተመለከተ የተባለውን እንደማያውቅ አምኖ፣ ይሁን እንጂ ተመልካቹ ባይወደው ኖሮ ዳይሬክተሩም አያዘውም ነበር ሲል ተከራከረ። ለልብስ ሰፊዋ ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

11። አንዲት የደንበጫ ሴት ወደ ተከታታይ ድራማዎችና ወደ አስቂኝ ጭውውቶች ተሻገረች። ሞላ ያለች ሴት በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ጠላ ሻጭ፣ ጯኺ አከራይ፣ ምግብ የማይበቃት ዘመድ ወይም ባሏን የምታስፈራራ ሚስት ሆና እንደምትመጣ፣ የምትፈቀር፣ የምትመራመር ወይም የምትፈርድ ሴት ሆና ግን እንደማትታይ አስተዋለች። በሌላ በኩል ቦርጭ ያለው ወንድ ኮት ለብሶ ሲቀመጥ ወይ አለቃ ነው፣ ወይ ባለሀብት ነው፣ ወይ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ስለ ቦርጩ ቢቀለድም ቀልዱ ሥልጣኑን አይነካውም። የውይይት መርሐ ግብሮችን የሚመሩ ወንዶች ሸሚዛቸው ሆዳቸው ላይ ተወጥሮ ሲቀርቡ ማንም ስለ ጨዋነት እንደማይጽፍ መጥቀሷ የክሩን ተሳታፊዎች ብዙ አስቋል። እኔም ያንን ምሽት ዜና ስመለከት ዓይኔ ወደ ሸሚዝ ቁልፎች መሄዱን አልክድም።

12 እና 13። አንድ ወጣት ክሱ ሴቶችን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑን፣ እርሱም ከሲታ እየተባለና ነፋስ እንዳይወስድህ እየተባለ ማደጉን ጻፈ፤ ከዚያም ስለ ጂምናዚየም ክፍያ መወደድ ማውራት ጀመረ። የመድረኩ አስተዳዳሪ የወጣቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክር እንደሚገባው በትሕትና ነግሮ መለሰው።

14። አንድ ስፖርት ወዳድ ቴኒስ ተጫዋቿን ሴሬና ዊሊያምስን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ ኦፕን ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን ጥቁር አንድ ወጥ ልብስ ለብሳ ተጫውታ ነበር፤ ከወለደች በኋላ የደም መርጋት አደጋ ስለነበረባት ልብሱ ለዚያ እንደሚረዳትም ተናግራለች። የፈረንሳይ ቴኒስ ፌዴሬሽን መሪ ግን እንዲህ ያለው ልብስ ወደፊት ተቀባይነት እንደማይኖረው፣ ጨዋታውንና ቦታውን ማክበር እንደሚገባ ገለጹ። ጸሐፊው ይህን እንደ ፍጹም ማስረጃ አቀረበው፤ ገላዋን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ልብስ አሳፋሪ የተባለው ገላው የእርሷ ስለሆነ ብቻ ነው ብሎ።

15። ወዲያውኑ ሌላ ሰው ማስረጃውን ፍጹም ከመሆን አወረደው። እ.ኤ.አ. በ1985 በዊምብልደን አን ዋይት የተባለች ቀጭን አሜሪካዊት ተጫዋች ነጭ አንድ ወጥ ልብስ ለብሳ ስትቀርብ፣ በማግስቱ ሌላ ልብስ ለብሳ እንድትመጣ ተነግሯት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ክልከላ ለአድልዎ መቁጠር ጉዳዩን ያዳክመዋል። ትክክለኛ እርምት ነው፤ መልስ የሰጠበት ሰው ግን አልነበረም።

16። በደብረ ማርቆስ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ወደ ኋላ ርቆ ሄደ። የዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነችው የኮይኮይ ሴት ሳራ ባርትማን እ.ኤ.አ. በ1810 ወደ ለንደን ተወስዳ፣ ዳሌዋ ስለተለየ ብቻ በክፍያ ለሕዝብ ትታይ ነበር። በ1815 ፓሪስ ውስጥ ሞተች፤ አጽሟና ከገላዋ ላይ የተወሰደው ቅርጽ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በፓሪስ ሙዚየም ለተመልካች ቀርቦ ኖረ። አገሯ ገብታ የተቀበረችው በ2002 ነው። የታሪክ መምህሩ ከዚህ ለማሳየት የፈለገው፣ ገላዋን በገንዘብ ሊያዩ የተሰለፉት ሰዎችና ገላዋ ያልሠለጠነ ሕዝብ ምልክት ነው ብለው የጻፉት ሊቃውንት በአንድ ከተማና በአንድ ዘመን የነበሩ መሆናቸውን ነው። መሻትና መናቅ ተቃራኒ ቢመስሉም፣ ሁለቱም እርሷ ስለ ራሷ ምን እንዳለች አልጠየቁም።

17። አንድ ሰው ከጎጃም እጅግ ራቅን ብሎ አጉረመረመ። ምን ቢጻፍለት ደስ እንደሚለው ግን አልተናገረም።

18። የሥነ ልቡና ተማሪ የሆነች ልጅ ከፊጂ ደሴቶች የመጣ ጥናት አቀረበች። አን ቤከር የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በፊጂ ናድሮጋ በተባለው ግዛት፣ ቴሌቪዥን በገባበት እ.ኤ.አ. በ1995ና ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ተማሪ ልጃገረዶችን ጠይቃ ነበር። ናድሮጋ ሞላ ያለ ገላ የሚወደድበት፣ መብላት የሚመሰገንበት አገር ነው፤ ይህ ደግሞ መምህሩ በሁለተኛው ምላሽ ከነገሩን ጎጃም ጋር ይቀራረባል። በመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስታውክ ልጅ አልነበረችም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ። ተማሪዋ ጥንቃቄ ማድረጓን ወድጄላታለሁ፦ በሁለቱ ዓመታት የተጠየቁት ልጆች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን፣ ቁጥራቸውም በየጊዜው ከ70 ያነሰ መሆኑን ሳትደብቅ ተናገረች። በእኛም ዘንድ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አንድ ጣቢያ ብቻ ይታይ እንደነበር፣ የሳተላይት ሳህን ከተስፋፋና ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስደመጠ ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ግን የልጃገረዶቻችን ዓይን ብዙ ዓይነት ገላ ሳይሆን አንድ ዓይነት ገላ በብዙ ጣቢያ ማየት መጀመሩን አስተያየቷን ሰጠች።

19። አንዲት ሴት ይህን አጥብቃ ተቃወመች። የእኛ ልጆች ፊጂዎቹ እንዳደረጉት መክሳት እንደማይሹ፣ እንዲያውም ዳሌ ያወጣል የሚባል ኪኒንና ቅባት በቴሌግራም እያፈላለጉ እንደሚገዙ ገልጻ፣ ተማሪዋ የራሷን ሰፈር ሳታይ የሩቅ ደሴት ጥናት ማንበቧን በሽሙጥ ነገረቻት።

20። በሞጣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ባለሙያ ሁለቱን አስታረቀቻቸው፤ ማስታረቋ ግን ሁለቱንም የሚያስደነግጥ ነበር። ለመወፈር ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚጠየቁት መድኃኒቶች ዋነኞቹ ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን መሆናቸውን ተናገረች። ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍም ያሰኛል። ዴክሳሜታዞን ግን ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚከላከልበትን ኃይል ያዳክማል፤ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ አድሬናል የተባሉት ዕጢዎች ሥራቸውን ስላቆሙ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ከሁሉም የሚያሳዝነው መድኃኒቱ የሚያከማቸው ስብ የሚያርፈው በፊት፣ በሆድና በማጅራት ላይ መሆኑ ነው፤ ገዢዋ ከከፈለችበት ከዳሌ ላይ አይደለም። ይኸው የቴሌግራም ሻጭ በዚያው ገጽ የሚያከሳ ሻይ ይሸጣል። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ሴት እንዳስረዳችው ተቃርኖ የለበትም፦ የሚፈለገው ገላ ከወገብ በታች የሞላ፣ ከወገብ ላይ የከሳ፣ ሆዱም የጠፋ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ዕቃ የምትገዛው አንዲቱ ልጅ ናት።

21። አንድ ሰው በሁለት መስመር፣ ስብን ከሌላ የሰውነት ክፍል ወስዶ ዳሌ ውስጥ የሚያስገባው ቀዶ ሕክምና፣ ስቡ ወደ ደም ሥር ገብቶ ሳንባን ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከውበት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ገዳዩ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በባለሙያዎች ግብረ ኃይል መገለጹን፣ የሞቱም መጠን ከ3000 አንድ እንደሆነ መገመቱን ጨመረ።

22። ከደብረ ኤልያስ አንድ የቅኔ መምህር ገቡ። ሁሉም የኔታ እያለ ተቀበላቸው። ጽሑፋቸው ለስላሳ ነበር፤ የሰው ገላ ወፈረም ቀጠነም ለገበያ መቅረቡ ነውር መሆኑን፣ እናቶቻችን ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ለብሰው በመቀነት ወገባቸውን አስረው ሲሄዱ ማን ወፍራም ማን ቀጭን እንደሆነ የሚመረምር ሰው እንዳልነበረ አስታወሱ። መፍትሔውም ሁለቱንም መሸፈን እንጂ ሁለቱንም እኩል መግለጥ አይደለም አሉ።

23። መነሻውን የጻፈችው ልብስ ሰፊ ከብዙ ዝምታ በኋላ የመለሰችው ለእርሳቸው ነው። የኔታ የጠቀሱት ሥርዓት ለሁሉ እኩል ቢሠራበት እንደማትቃወመው፣ ቅሬታዋ ግን ሥርዓቱ የሚጠቀሰው ሞላ ያለችዋ ስትለብስ ብቻ በመሆኑ ላይ እንደሆነ በአክብሮት ገለጸች። ከዚያም ከሙያዋ አንድ ነገር አስረዳች፤ እኔም ከዚህ በፊት አስቤው የማላውቀው ነው። በአንድ ልኬት ለሁሉም የተሰፋ ቀሚስ ዳሌዋ ሰፋ ያለች ሴት ስትለብሰው ጨርቁ ዳሌው ላይ ስለሚያልፍ ከኋላ በኩል ጫፉ ከፍ ይላል፤ ከፊት ጉልበት የሸፈነው ከኋላ ጉልበት ይገልጣል። በወጉ የሚሰፋ ባለሙያ የኋላውን ክፍል በጥቂት ጣት አስረዝሞ ይቀድዳል፤ ዝግጁ ልብስ አምራቹና የጣቢያው ልብስ ክፍል ግን ይህን አያደርጉም። ስለዚህ ተመልካቹ በቴሌቪዥን አይቶ የባለቤቲቱ ድፍረት ነው ብሎ የሚቆጣበት አብዛኛው እጥረት የመቀስ ጉድለት ነው። ለስምንተኛው ሰው ደግሞ ክር በመክፈቷ አንድም ትእዛዝ እንዳላገኘች በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችው። የኔታም መልሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መቀሱን አላሰብኩትም ነበር ያሉ ይመስላል፤ ቃላቸው በቅኔ የታጀበ ስለሆነ በሙሉ መረዳቴን እጠራጠራለሁ።

24። ሁለት ሴቶች የኋላው የረዘመ ቀሚስ ስንት እንደሚያወጣና ሱቋ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። የስምንተኛው ሰው ክስ እዚህ ላይ እውነት ሊሆን ምንም አልቀረው።

25። ከባሕር ዳር አንድ የሕግ ባለሙያ ውይይቱን ወደ አዋጅ መለሰው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ፆታን በተመለከተ የሰውን ክብር፣ ነጻነትና እኩልነት የሚነካ ምስል ወይም ንግግር የያዘ ማስታወቂያ እንዳይሠራጭ የሚከለክል መሆኑን አስታወቀ። ስለዚህ አንዲት ሴት በወፍራምነቷ ተዋርዳ የምትታይበት ማስታወቂያ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አቤቱታ ሊቀርብበት ይችላል።

26 እና 27። የደጀኑ ሰው የሌሎችን አገሮች ሕግ አከለ፦ በፈረንሳይ ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞዴልን ገላ በኮምፒውተር ያቀጠነ ወይም ያወፈረ የማስታወቂያ ፎቶ የተስተካከለ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲይዝ ይገደዳል፤ በኖርዌይም ከ2022 ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ አለ። ያቺ በስድስተኛው ምላሽ የተቆጣችው ሴት ግን በዚህ አልረካችም፤ በባሕር ዳሩ የቪዲዮ ባለሙያ አነጋገር የተበላሸው ነገር ካሜራው የቆመበት ከፍታና ንግግር የተነፈገችው ልጅ ሆኖ ሳለ፣ በፎቶ ግርጌ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ማንን ያናግራል ብላ ጠየቀች። በዚህ ጊዜ ቁጣዋ ልክ ነበር።

28። ልብስ ሰፊዋ ለሕግ ባለሙያው አንድ ጥያቄ አቀረበች። እርሷ ያየችው የበዓል ጭፈራ መርሐ ግብር እንጂ ማስታወቂያ እንዳልነበረ ገልጻ፣ አዋጁ ይነካው እንደሆነ ጠየቀችው።

29። ባለሙያው መርሐ ግብር ከሆነ ጉዳዩ በማስታወቂያ አዋጁ ሳይሆን በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 እንደሚታይ፣ መንገዱም የተለየ እንደሚሆን መለሰ።

30። የመጨረሻውን ምላሽ የጻፈው የባሕር ዳሩ የቪዲዮ ባለሙያ ነው። በዚያ መርሐ ግብር ጭፈራው ሲታይ ከስክሪኑ ግርጌ የስፖንሰሩ ስምና የምርቱ ምስል እየተንሸራተተ ያልፍ እንደነበር፣ ካሜራው ወደ ዳሌ የሚወርደውም በተለይ በእነዚያ ደቂቃዎች እንደነበር አስታውሶ፣ እንዲህ ያለው መርሐ ግብር ይባላል ወይስ ማስታወቂያ ሲል ጠየቀ። የሕግ ባለሙያው እስካሁን አልመለሰለትም።